ልቡን ያዘጋጀ ሰው፦ መመርመር፣ ማድረግ፣ ማስተማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ጾም ሲቃረብ በየቤታችን ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን። እናቶች ድስቱንና ማሰሮውን ፈትገው ቅባቱን ያስለቅቁታል። ሽሮው ይፈጫል፤ በርበሬው ይዘጋጃል፤ ኑጉና ተልባው ይለቀማል። ቅቤ የነካው ማማሰያ እንኳ ሳይቀር ይታጠባል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ከአባቶቻችንና ከእናቶቻችን የወረስነው ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ድስቱ ታጠበ፤ ልባችንስ? ካምናው የተረፈው የቂም ቅባት ከልባችን ግድግዳ ላይ ለቅቋልን? ሃምሳ አምስቱን ቀን የእግዚአብሔርን ቃል የምንሰማው በየትኛው ዕቃ ተቀብለን ነው?

በዚህች አጭር ትምህርት ልቡን አስቀድሞ ስላዘጋጀ አንድ ሰው እንማራለን። ይኸውም ጸሐፊው ዕዝራ ነው።

ዕዝራ ማን ነው?

ዕዝራ ከካህኑ ከአሮን ወገን የተወለደ፥ በባቢሎን በምርኮ አገር የኖረ፥ የሙሴን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጸሐፊ ነበር። በንጉሡ በአርጤክስስ ዘመነ መንግሥት፥ በሰባተኛው ዓመት፥ ከባቢሎን ተነሥቶ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ጉዞው በመጀመሪያው ወር መባቻ ተጀምሮ በአምስተኛው ወር መባቻ ተፈጸመ (ዕዝ. 7፥1-9)። አራት ወር ሙሉ በእግር መንገድ ማለት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ይህ ጉዞ ለምን እንደተሳካለት ሲናገር ምክንያቱን ከስንቁ ወይም ከአጃቢዎቹ አላደረገውም። የእግዚአብሔር እጅ በላዩ ስለነበረች ነው ካለ በኋላ፥ ዕዝራ ልቡን ለሦስት ነገር አዘጋጅቶ እንደነበር ይመሰክርለታል። አንደኛ ሕጉን ሊመረምር፥ ሁለተኛ ሊያደርገው፥ ሦስተኛ ለሕዝቡ ሊያስተምረው (ዕዝ. 7፥10)።

ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ልብ ይቀድማል፤ መመርመር ይከተላል፤ ከዚያ ማድረግ፤ በመጨረሻ ማስተማር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላ ጀምረን ወደ ፊት እንሄዳለን። ሳንመረምር እንናገራለን፤ ሳናደርግ እንመክራለን። ልባችንንማ ጭራሹን እንረሳዋለን።

ሀ. ልብን ማዘጋጀት

የወገራን ወይም የደባርቅን ገበሬ ጠይቁት። እህል የሚበቅለው ዘር ስለተበተነ ብቻ ነው ቢሉት ይስቃል። መሬቱ አስቀድሞ ይታረሳል፤ ይደገማል፤ ይሠለሳል። ድንጋዩ ይለቀማል፤ እሾሁ ይመነጠራል። ዝናቡ ሲመጣ መሬቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል እንጂ ዝናቡ መሬቱን አይጠብቅም። ጌታችንም ስለ ዘሪው በተናገረው ምሳሌ ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ መሬቱ አራት ዓይነት እንደነበረ አስተምሮናል። መንገድ ዳር የወደቀ አለ፤ በዐለት ላይ የወደቀ አለ፤ በእሾህ መካከል የወደቀ አለ፤ በመልካም መሬት ላይ የወደቀም አለ (ሉቃ. 8፥4-15)። ስለዚህ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ «ዛሬ ስብከቱ አልገባኝም» ከማለቱ በፊት «መሬቴ ታርሶ ነበር ወይ?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ።

ልብ የሚታረሰው በምንድን ነው? ዕዝራ መልሱን በሥራ አሳይቶናል። ከመንገዱ በፊት ሕዝቡን በአኅዋ ወንዝ ዳር ሰበሰበና ጾም ዐወጀ። መንገዱ ሽፍታና ጠላት የሞላበት ነበር፤ ሕፃናትም ንብረትም ይዘዋል። ከንጉሡ ወታደርና ፈረሰኛ መለመን ይችል ነበር። ነገር ግን «አምላካችን ይጠብቀናል» ብሎ ለንጉሡ ከመሰከረ በኋላ ወታደር መለመኑ አሳፈረው። ስለዚህ ጾሙ፤ ለመኑም፤ እግዚአብሔርም ሰማቸው (ዕዝ. 8፥21-23)።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው ጾም ልብን የሚያርስ ሞፈር መሆኑ ነው። ሆድ ሲጎድል ሰው የሚለምን ሆኖ ራሱን ያገኘዋል፤ የሚለምን ሰው ደግሞ ይሰማል። ሁለተኛው የዕዝራ ኀፍረት ነው። አፉ የተናገረውን እግሩ እንዳይክደው አፈረ። ይህች ኀፍረት የተዘጋጀ ልብ ምልክት ናት። እኛ በዚህ ባለፉት ዓመታት በአገራችን ጦርነትና ስጋት ያየን ሰዎች፥ መንገድ ስንወጣ የሚያስፈራን ሰዎች፥ የዕዝራን ጸሎት ከማንም በላይ ልንረዳው የምንችል ይመስለኛል።

ቅዱስ ዳዊትም ቢሆን ኃጢአቱን ባወቀ ጊዜ አስቀድሞ የለመነው ዕውቀት አይደለም፤ ንጹሕ ልብ እንዲፈጠርለት ነው (መዝ. 50፥10)።

ለ. መመርመር

ስለ መመርመር ስናነሣ ጎንደርን ማለፍ አይቻልም። ዐፄ ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ከቆረቆሩ ወዲህ የሊቃውንት መሰብሰቢያ ሆና ኖራለች። አቋቋሙን ከበአታ፥ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ ከየጉባኤ ቤቱ ለመማር ተማሪው ከየአገሩ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ለምዱን ለብሶ ይመጣል። ትርጓሜው አራት ጉባኤ ነው፦ ብሉያት፥ ሐዲሳት፥ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት። በጎንደር የትርጓሜው ስልት ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ይከፈላል። ዛሬ በየጉባኤ ቤቱ በስፋት የሚሰጠው የታች ቤቱ ሲሆን፥ ይህም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከታላቁ መምህር ከመምህር ኤስድሮስ ጋር ተያይዞ ይጠራል። ስማቸውን ልብ ብላችሁታል? ዕዝራ በጽርእ ቋንቋ ኤስድራስ ይባላልና ስማቸው ከጸሐፊው ስም ጋር ይቀራረባል።

ስልቱ እንዲህ ነው። ንባቡ በግእዝ ይነበባል፤ ፍቺው በአማርኛ ይሰጣል። ከዚያ መምህሩ «አንድም» ይላል፤ ሌላ ምሥጢር ይጨምራል። ደግሞ «አንድም» ይላል። ለምን? የእግዚአብሔር ቃል በአንድ ጭልፋ ተቀድቶ የማያልቅ ስለሆነ ነው። «አንድም» የምትለው ቃል ትሕትናን ታስተምራለች፤ «ያወቅሁት ይህን ነው፤ ሌላም አለ» ማለት ናትና።

በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ነደዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ ናት። በብራና ያለው ሲነድ ግን በሊቃውንቱ ልብ ያለው አልነደደም። ትርጓሜውም ዜማውም ዳግመኛ ከመምህር ወደ ተማሪ ተላለፈ። ምእመናን፥ እሳት የማይደርስበት ቤተ መጻሕፍት ልብ ነው።

ነገር ግን በቃል መያዝ ብቻውን መመርመር አይደለም። ይህን የተማርኩት ከአንዲት እናት ነው። ልጅ ሆኜ በወገራ በኩል ዳዊት በምማርበት ጊዜ፥ እንደ ባልንጀሮቼ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ እለምን ነበር። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። አንድ ደጅ ላይ ውሻቸውን እየከለከሉልኝ አንዲት አሮጊት ወጡ። ግማሽ እንጀራ ሰጡኝና «የኔ ልጅ፥ ዛሬ የኔታ ምን አስተማሯችሁ?» አሉኝ። እኔም የያዝኩትን መዝሙር በግእዝ አንበለበልኩት። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ድምፅህስ ያምራል፤ ግን ምን ማለት ነው?» አሉኝ።

አላውቀውም ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

«እንግዲያው ስታውቀው ተመልሰህ ንገረኝ፤ እንጀራው ብድር ነው» አሉኝና ፈገግ ብለው ገቡ።

እኔ በዚያን ቀን ያፈርኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ትምህርት የጀመርኩት ያን ዕለት ኖሯል። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ የጠየቀውም ይህንኑ ነው፤ የምታነበውን ታስተውለዋለህን አለው። ጃንደረባው ባለ ሥልጣን ሳለ አልተቆጣም፤ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አውቃለሁ ብሎ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው አወጣው (ሐዋ. 8፥26-39)። መመርመር ማለት ይህ ነው። አለማወቅን ማመን፥ መጠየቅ፥ ለመምህር ቦታ መልቀቅ።

ዛሬ ስልካችን ውስጥ ስብከቱ ሞልቷል። አንዱን ሳንጨርስ ሌላውን እንከፍታለን። መስማቱ ክፉ አይደለም። ነገር ግን አሥር ስብከት ሰምቶ አንዱንም ካለማስታወስ፥ አንዲት ምዕራፍ አንብቦ ያልገባውን ይዞ ወደ ንስሐ አባት መሄድ ይሻላል። በዘመነ ጾማችን ሰባተኛው ሳምንት የሚታሰበው ኒቆዲሞስ የእስራኤል መምህር ሆኖ ሳለ በሌሊት መጥቶ «ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?» እያለ እንደ ተማሪ ጠይቋል (ዮሐ. 3፥1-12)።

ሐ. ማድረግ

የሚከብደው ይሄኛው ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ ቃሉን ሰምቶ የማያደርገውን ሰው ፊቱን በመስተዋት አይቶ ዘወር ሲል መልኩን ከሚረሳ ሰው ጋር አመሳስሎታል (ያዕ. 1፥22-24)።

ስለ ራሴ ልንገራችሁ፤ ለመመጻደቅ አይደለም፤ ውርደቴን ነው የምነግራችሁ። አባታችን ካረፈ በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በእርሻ ድንበር ተጣላን። ነገሩ የሁለት ትልም ያህል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ግን ሁለት ዓመት ሰላምታ አልነበረንም። በዚያ መካከል እኔ ዲፕሎማዬን ይዤ ወደ ትውልድ አጥቢያዬ ተመለስኩ። በገብር ኄር ሰንበት እንዳስተምር ተጠየቅሁ። ስለ ዕርቅ አስተማርኩ። እናቶች እልል አሉ። ከቅዳሴ ስንወጣ ወንድሜ ከዋርካው ሥር ቆሞ አገኘሁት።

«ጥሩ ተናገርክ» አለኝ። «እኔ ግን ስትናገር የዋልኩት ያን የድንበር ድንጋይ ሳስብ ነው። አንተስ አላሰብከውም?»

መልስ አልነበረኝም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዱንም ግን አላደረግሁትም። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። በማግስቱ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። እርሳቸውም ሁለት ሽማግሌ ጨምረው ከሆሣዕና በፊት አስታረቁን። ድንጋዩ ከመካከል ተተከለ። እውነቱን ለመናገር በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ቀን አለ። ነገር ግን ከወንድሜ ጋር በአንድ ገበታ ፋሲካን ፈታን። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ፋሲካዎች የበላሁት ምን ጣዕም እንደነበረው እንኳ አላስታውሰውም።

ጌታችን መባህን ይዘህ ስትመጣ ወንድምህ አንዳች እንዳለብህ ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ ያዘዘው ለዚህ ነው (ማቴ. 5፥23-24)። ሕጉ ከተጻፈበት ብራና ወርዶ ድንጋይ የሚያንቀሳቅስበት ቀን አለ። ያ ቀን ካልመጣ የተማርነው ትምህርት ገና አልደረሰንም።

ከሰሜን ተራራ ማዶ ያሉትን የዋልድባ አባቶች አስቡ። እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ ይኖራሉ። ከእኛ ከዓለማውያን ይህ አይጠበቅም። ነገር ግን የእነርሱ ሕይወት አንድ ነገር ያስተምረናል፤ ቃሉ በአፍ ብቻ ሳይሆን በሆድም፥ በእግርም፥ በእጅም እንደሚነበብ። የዕዝራ ዘመን ሕዝብም እንዲሁ አደረገ። ሕጉ በተነበበ ማግስት የአባቶች ቤቶች አለቆች ሊመረምሩ ወደ ዕዝራ ተሰበሰቡ። በዳስ ስለ መቀመጥ የታዘዘውን አገኙ። ለከርሞ አላሉም፤ ወደ ተራራ ወጥተው ቅርንጫፍ ቆርጠው ዳስ ሠሩ (ነህ. 8፥13-17)።

መ. ማስተማር

በሰባተኛው ወር መባቻ ሕዝቡ ሁሉ በውኃው በር አደባባይ ተሰበሰበ። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር አነበበ። ሌዋውያኑም የተነበበውን ለሕዝቡ እየተረጐሙ አስተዋዩአቸው (ነህ. 8፥1-8)። በእኛ ጉባኤ ቤት ንባቡ በግእዝ ተነብቦ በአማርኛ የሚተረጐመው ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነው። ሕዝቡ የሰማው በገባው ጊዜ አለቀሰ። መምህራኑ ግን በዕንባ ብቻ አላሰናበቷቸውም። ሂዱ ብሉ ጠጡ፥ ላልተዘጋጀለትም ላኩለት አሏቸው (ነህ. 8፥9-10)። ትምህርቱ ያለቀው የድኻው ሌማት ላይ ነው።

«እኔ ምእመን ነኝ፤ ማስተማር የካህናት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ዐውደ ምሕረት ላይ መቆም ሥርዓት አለው፤ ያልተማረና ያልተፈቀደለት ሰው አይቆምበትም። ነገር ግን ልጁን ስለ መስቀል ምልክት የሚያስረዳው አባት፥ ከእናቱ ጉልበት ሥር ውዳሴ ማርያም የለመደ ልጅ ያላት እናት፥ ጎረቤቷን «ነይ አብረን እናስቀድስ» የምትል ሴት እያስተማሩ አይደለም? በአብነት ትምህርት ቤት የቀደመው ተማሪ ለኋለኛው ያስቀጽላል። አንድ ቀን የቀደመ ለአንድ ቀን ያህል ዕዳ አለበት።

ስለ መክሊቱ ያስተማረው ወንጌል ባለ አምስቱንም ባለ ሁለቱንም እኩል አመስግኗል። የተወቀሰው አንዱን የተቀበለው ነው፤ የተወቀሰውም ስላነሰው ሳይሆን ስለቀበረው ነው (ማቴ. 25፥14-30)። የምታውቁት አንዲት ምዕራፍ ከሆነች አንዷን አትቅበሯት።

ደግሞም ሥርዓቱን አንርሳ። ቅዱስ ሉቃስ ስለ ጌታችን ሲጽፍ ማድረጉን አስቀድሞ ማስተማሩን አስከትሏል (ሐዋ. 1፥1)። ጌታም በመንግሥተ ሰማያት ታላቅ የሚባለው የሚያደርግና የሚያስተምር እንደሆነ ተናግሯል (ማቴ. 5፥19)። ልጆች ከምንነግራቸው ይልቅ የሚያዩትን ይይዛሉ። እየጾምን ሠራተኛችንን ብንሰድብ፥ ልጃችን ከእኛ የሚማረው ጾምን ሳይሆን ስድብን ነው።

በዚህ ጾም ምን እናድርግ?

ከባድ ነገር አልጠይቃችሁም። አራት ነገር ብቻ ነው።

1ኛ/ ከማንበባችሁ በፊት ጥቂት ዝም በሉ። አማትቡ፤ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ የተቀየማችሁት ሰው ካለ ስሙን ጠርታችሁ ጸልዩለት። እርሻው ይህ ነው።

2ኛ/ በየሳምንቱ የሰንበቱን ወንጌል አስቀድማችሁ በቤት አንብቡ። ለምኩራብ ዮሐንስ ምዕራፍ 2ን፥ ለገብር ኄር ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን፥ ለኒቆዲሞስ ዮሐንስ ምዕራፍ 3ን። ማንበብ የማይችል ካለ ልጁ ያንብብለት። ለሚችል የወንጌል አንድምታ ትርጓሜ ታትሞ ይገኛል። ያልገባችሁን ጽፋችሁ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለመምህራችሁ ጠይቁ።

3ኛ/ ካነበባችሁት አንዲት ነገር ብቻ መርጣችሁ በዚያው ሳምንት አድርጉ። ያልተከፈለ የሰው ገንዘብ ካለ ክፈሉ። ያልተጠየቀ በሽተኛ ካለ ጠይቁ። የድንበር ድንጋይ ያለበትም ያውቀዋል።

4ኛ/ ያደረጋችሁትን ነገር ሳይሆን የተማራችሁትን ቃል ለአንድ ሰው ንገሩ። ያደረጋችሁትን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ምእመናን፥ ወደ እኒያ እናት ልመልሳችሁ። ዓመታት አልፈው የዚያን መዝሙር ትርጓሜ ስማር ብድሬ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን ነገ ከነገ ወዲያ ስል የቆየሁትን ትቼ ወደዚያ መንደር ሄድኩ። በሩ ተዘግቶ አገኘሁት፤ ዐርፈዋል። ጎረቤቶቻቸው የት እንደተቀበሩ አሳዩኝ። በመቃብራቸው አጠገብ ቆሜ መዝሙሩን በግእዝ ደገምኩት፤ ከዚያም ፍቺውን በአማርኛ፥ ለሰው እንደሚነገር አድርጌ ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ለምእመናን ስጽፍም ሆነ ስናገር ግማሹን እንጀራ እያሰብኩ ነው። ይህችንም ጽሑፍ ከዚያ ብድር ላይ ቁጠሩልኝ።

እናንተም አበዳሪ አላችሁ። ፊደል ያስቆጠሯችሁ የኔታ፥ ጾም ያስጀመረቻችሁ እናት፥ ቤተ ክርስቲያን እጃችሁን ይዞ የወሰዳችሁ አያት አሉ። በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ሂዱ። ካረፉ ደግሞ ብድሩ ለልጆቻችሁ ይከፈላል። እኔ እንደዘገየሁ አትዘግዩ።

የዕዝራን ልብ ያዘጋጀ አምላክ የእኛንም ልብ ያዘጋጅልን። መርምረን የምናደርግ፥ አድርገን የምናስተምር ያድርገን። ጾሙን የበረከት፥ ለአገራችንም የሰላም ያድርግልን። የእመቤታችን አማላጅነት፥ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።